የፋብሪካ አቧራ እንዴት ሸቀጥ እንደ ሆነ

ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጢስ ማውጫ የሚወጣ አቧራ ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ያከስረዋል። በመጀመሪያ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተፈጨውና የተቃጠለው ዕቃ ሳይሸጥ ነፋስ ይወስደዋል፤ ቀጥሎም የጎረቤትን አዝመራ አበላሽቶ ክስና ካሣ ያመጣል። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ በሪቨርሳይድ ከተማ አጠገብ በነበረ የሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ከ1910 እ.ኤ.አ. ወዲህ የደረሰው ይኸው ነበር። የብርቱካን አትክልት ባለቤቶች ዛፎቻቸው በአቧራ ስለ ተሸፈኑ ፋብሪካውን ከሰሱት።

መፍትሔው የተገኘው በበርክሌይ የኬሚስትሪ መምህር ከነበሩት ከዶክተር ፍሬደሪክ ኮትሬል ነው። አሳቡ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ በ1885 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሊቅ ኦሊቨር ሎጅ በዌልስ በሚገኝ የእርሳስ ማቅለጫ ሞክረውት፣ የዘመኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ኃይል ስላነሰው ሳይሳካ ቀረ። ዶክተር ኮትሬል የተሻለ መሣሪያ አዘጋጅተው በ1908 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተቀበሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጢሱ መንገድ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ በብዙ ሺህ ቮልት ሲሞላ፣ በዙሪያው ያለው አየር ተከፋፍሎ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ይሆናል፤ ይህን መሰሉን አየር ሊቃውንት ፕላዝማ ይሉታል። የሚያልፈው አቧራም ከዚያ ሙል ተቀብሎ በግራና በቀኝ ወደ ቆሙት የብረት ሰሌዳዎች ይሳባል። ሰሌዳው ሲመታ አቧራው ተራግፎ ከታች ይጠራቀማል።

የሪቨርሳይድ ፋብሪካ ይህን መሣሪያ ከተከለ በኋላ ያልታሰበ ትርፍ አገኘ። አሜሪካ ለማዳበሪያ የሚያስፈልጋትን ፖታሽ የምታስመጣው ከጀርመን ስለ ነበረ፣ በ1914 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሣ ዕቃው ከገበያ ጠፋ። በተያዘው አቧራ ውስጥ ግን ፖታሽ ነበረበትና ፋብሪካው ይሸጠው ጀመር። ትናንት ያስከሰሰው አቧራ ሸቀጥ ሆነ። ዶክተር ኮትሬልም በ1912 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብታቸውን ሰጥተው፣ ገቢው ለሳይንስ ምርምር እንዲውል ሪሰርች ኮርፖሬሽን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ።

መሣሪያውን ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ግን ዋጋውን ብቻ ጠይቆ አይዘዝ። ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ አቧራ ሙሉን ለሰሌዳው አይለቅም፤ እጅግ በቀላሉ የሚያሳልፍም ቶሎ ለቆ ከጢሱ ጋር ይመለሳል። የጢሱ ሙቀትና እርጥበትም ይህን ጠባይ ይለውጠዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የአቧራውን ናሙና ከጢሱ ልክ ጋር ለሠሪው መላክ፣ ከመሣሪያው አልፎ የሚወጣውንም አቧራ መጠን በውል ማስጻፍ ይገባል። እንደ ዱቄት ያለ በእሳት የሚፈነዳ አቧራ ላለው ወፍጮ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ፍንጣሪ አደገኛ ስለ ሆነ፣ ስለ ጨርቅ ማጣሪያ ባለሙያ ማማከር ይሻላል። ሳይመረመር የተገዛ መሣሪያ፣ ሊያድነው ከታሰበው አቧራ ይልቅ ራሱ ኪሣራ ይሆናል።