ያውቁ ኖሯል? ሊብሬም የታሪክ ሰነድ ነው

• በጀርመን የቢኤምደብልዩ መኪኖችን ሞተር ያጎለብት የነበረው አልፒና የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። መነሻው ለቢኤምደብልዩ 1500 የተዘጋጀ የካርቡራተር ሥራ ነበር። በ1983 የጀርመን መንግሥት ራሱን የቻለ መኪና አምራች አድርጎ መዘገበው።

• ሞተር ቀይሮ፣ የአልፒናን አርማ ለጥፎ ተራዋን ባለ ሁለት በር መኪና ልዩ ማስመሰል ይቻላል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች የፋብሪካ ካርድ፣ የጋራዥ ደረሰኝና የድሮ ፎቶግራፍ ያሰባስባሉ። በብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራሉ።

• በእኛ አገር ለዚህ ምስክርነት ቅርቡ ሊብሬ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ቀለሙና የተሠራበት ዘመን በአንድ ደብተር ሰፍረው ይገኛሉ።

• እርስዎም በነቀምቴ ወይም በሌላ የወለጋ ከተማ የአባትዎ ቮልስ ሊብሬ በሣጥን ውስጥ ካለ አይጣሉት። ገጾቹን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ከፎቶግራፎች ጀርባ ዓመቱንና ቦታውን ይጻፉ። መኪናዋን የጠገኑ አንጋፋ መካኒኮችንም ዛሬውኑ ይጠይቁ። ብረት ይዝጋል፤ የተጻፈ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።