ቻርጀሩን ንቀሉትና አዳምጡ

ላፕቶፕ ከስፒከር ጋር አገናኝታችሁ፣ ዘፈኑ ገና ሳይጀምር «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ይሥራ። ዝም ካለ ፋይሉም ስፒከሩም ጤነኛ ናቸው። ይህን ሳይሞክር ወፍራም ኬብል ሊገዛ የሚሮጠው ሰው ብዛት ያናድደኛል።

ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል ዳክ ይባላል። ስልክ ውስጥ አለ፤ የስቱዲዮ ሰዎች ሳውንድ ካርድ በሚሉት ሳጥን ውስጥም አለ። በሲዲ ጥራት ለተቀዳ ዘፈን በየሰከንዱ፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ፣ 44,100 ቁጥር ያወጣል። ከቁጥሮቹ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከወጣ ጂተር ይባላል፤ ከበሮ መቺው ምቱን ሳይስት ጊዜውን ሲያንሸራትት ማለት ነው።

የዕቃ ሻጮች ማስፈራሪያ ይኸው ጂተር ነው። የድሮዎቹ የዩኤስቢ ዳኮች የኮምፒውተሩን አካሄድ እየተከተሉ ስለሚሠሩ ስጋቱ ጨርሶ መሠረት አልነበረውም አይባልም። የዛሬዎቹ ግን አብዛኞቹ «አሲንክሮነስ» ናቸው፦ ሰዓቱ ዳኩ ውስጥ ካለው ክሪስታል ይነሣል፤ ኮምፒውተሩን «ጨምር»፣ «ቀንስ» እያለ የሚያዝዘው ትንሿ ሳጥን ናት። ለዚህች ሳጥን የሚገባትን ክብር የሚሰጣት ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎቹ ቤንጃሚንና ጋነን ባቀረቡት ጥናት፣ ሙዚቃ ውስጥ ያለ ጂተር በጆሮ እንዲለይ በአሥር የሚቆጠሩ ናኖ ሰከንዶች አስፈልገዋል። በደንብ የተሠራ ዳክ ከ1 ናኖ ሰከንድ በታች ነው።

ታዲያ የሚሰማን ምንድን ነው? ቻርጀሩ ውስጥ፣ በ220 ቮልቱ ወገንና በላፕቶፑ ወገን መካከል፣ የሬዲዮ ሞገድ እንዳይረብሽ ተብሎ የተቀመጠ ትንሽ ካፓሲተር አለ። ሥራውን ይሠራል፤ በዚያው ግን ከ1 ሚሊ አምፔር ያነሰ ከረንት ያሾልካል። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ተሰክቶ የላፕቶፑን ብረት ስትዳብሱ ጣታችሁን ነዘር የሚያደርገው እሱ ነው። ይህ ከረንት ወደ መሬት መውረጃ ይፈልጋል። በዩኤስቢው ኬብል ግራውንድ አድርጎ ዳኩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በድምፅ ኬብሉ ሽፋን ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። በተለመደው አርሲኤ ኬብል ሽፋኑ የዘፈኑም መመለሻ ሽቦ ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ዘፈኑንና ሾልኮ የመጣውን አይለይም፤ ሁለቱንም አጉልቶ ያሰማል። ማውስ ስታንቀሳቅሱ አብሮ የሚንጫጫውም፣ ኮምፒውተሩ የሚስበው ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር በዚያው ሽቦ የሚመጣ ነው። ከዘፈኑ ፋይል አንዲት ቁጥር አልተነካችም።

ላፕቶፑም ስፒከሩም ኧርዝ ካላቸው ደግሞ ሁለቱ መሬቶች በኬብሉ ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ፤ እዝዝታውም ከዚያ ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ! ያ እግር የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው።

ኦፕቲካል ኬብል ሌላው መላ ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ይህ የፕላስቲክ ክር ብርሃን እንጂ ከረንት አያሳልፍም፤ ቀለበቱ እዚያው ይበጠሳል። የሚገርመው፣ ጂተሩ ብዙ ጊዜ ከመዳብ ኬብል ይበልጣል። ጂተርን ፈርቶ ኦፕቲካልን የሚሸሽ ሰው የማይሰማውን ሊያስቀር የሚሰማውን ታቅፎ ይቀራል።

በኮምፒውተሩና በዳኩ መካከል ገብቶ የከረንቱን መንገድ የሚቆርጠውን ዩኤስቢ አይሶሌተር የምትገዙ ከሆነ ፍጥነቱን ጠይቁ። ርካሾቹ ብዙዎቹ በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ላይ ይቆማሉ፤ አዳዲስ ዳኮች ደግሞ ከፍ ላለው ጥራት 480ውን ይፈልጋሉ። ዳካችሁም ስፒከራችሁም ባላንስድ መሰኪያ ካላቸው ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ስፒከሩ የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ፣ በሁለቱም ላይ እኩል የገባው እዝዝታ ተጣፍቶ ይቀራል።