ጎንበስ ስንል ውሻው ለምን ይሸሻል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ አንበሳሜ የተጓዘና በመንደሮቹ መካከል በእግሩ የተዘዋወረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ውሻ እየጮኸ ሲመጣበት መንገደኛው ድንጋይ የሚያነሣ መስሎ ጎንበስ ይላል፤ ውሻውም ወዲያውኑ ዞሮ ይሸሻል። በመንገዱ ላይ አንዲት ጠጠር ባትኖርም ይሸሻል። ለመሆኑ ውሻው ገና ያልተወረወረን ድንጋይ የሚፈራው ለምንድን ነው?

እኛ ፊዚክስ የምናስተምር ብንሆንም፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወደ ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ መሄድ ይኖርብናል። በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሊቅ፣ ውሾቹ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት፣ ገና መጋቢያቸውን ሲያዩ ምራቃቸው እንደሚፈስ አስተዋለ። ምልክትና ውጤት ደጋግመው ከተከታተሉ ምልክቱ ብቻውን በቂ ይሆናል። ለፓቭሎቭ ውሾች የመጋቢው መምጣት ምግብ ማለት ነበር፤ ለሰፈራችን ውሻ ደግሞ የሰው መጎንበስ ድንጋይ ማለት ነው። እንግዲህ ውሻው ትምህርቱን በሚገባ ተምሯል፤ መምህራኑም እኛው ነን።

ጉዳዩ ከጨዋታ ያለፈ ነው። የፈራ ውሻ መንገድ ሲያገኝ ይሸሻል፤ መሸሻ ሲያጣ ግን ይናከሳል። ብዙዎቻችን ውሻ «ኃይለኛ እንዲሆን» በማለት ከቡችላነቱ ጀምሮ እናስረዋለን፤ ከቤተሰቡ በቀር ሰው እንዳይለምድም እናደርጋለን። እንዲህ ያደገ ውሻ ብዙውን ጊዜ ጀግና ሳይሆን ድንጉጥ ነው። አንድ ቀን ሰንሰለቱ የተበጠሰ እንደሆነም ቀድሞ የሚያገኘው ሌባውን ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የውሻ ጠባይ የሚቀረጸው መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1961 ዳንኤል ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በ«ሳይንስ» መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ቡችሎችን በታጠረ መስክ ከሰው ለይተው ካሳደጉ በኋላ በተለያየ ዕድሜ እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አለማመዷቸው። ከ5ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የወጡት ሰውን በቀላሉ ለመዱ፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያልቀረባቸው ግን እንደ ዱር አውሬ ሆኑ። ዛሬም ባለሙያዎች ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ወሳኝ ይሉታል።

ስለዚህ ቡችላው 8 ሳምንት ገደማ እስኪሆነው ከእናቱ አንለየው። ከዚያ ሳንዘገይ ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ በትርና ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ አህያና ባጃጅ እያሳየን፣ በየጊዜው ቁራሽ እየሰጠን እናለማምደው። ከሩቅ እንጀምር፤ ከፈራም መለስ እንበል እንጂ አንጎትተው። ክትባቱን እስኪያገኝ ድረስ ግን ከማይታወቁ ውሾች እናርቀው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጊዜን መምረጥ ነው። ዥዋዥዌ የገፋ ተማሪ ይህን ያውቃል፤ በትክክለኛው ቅጽበት የተሰጠች ትንሽ ግፊት ከፍ ታደርገዋለች፣ ያለ ጊዜዋ የመጣች ግን ታቆመዋለች። ውሻን ማስተማርም እንዲሁ ነው። «ተቀመጥ» ለማለት ቁራሹን ከአፍንጫው በላይ ይዘን ቀስ ብለን ወደ ኋላው እንውሰድ፤ ራሱ ቀና ሲል ወገቡ ዝቅ ይላል። መቀመጫው መሬት እንደነካ፣ ሰከንድ ሳናሳልፍ እንስጠው። ሲዘልና ሲያስቸግር ምንም ሳንሰጠው ቆይተን ጸጥ ሲል ከሰጠነው፣ የሚከፈልበት ሥራ ጸጥታ መሆኑን ይረዳል። በአንጻሩ ጠዋት ጫማ ስላኘከ ማታ ብንመታው ዱላውን ከጫማው ጋር አያገናኘውም፤ የሚማረው የጌታው ወደ ቤት መምጣት አስፈሪ መሆኑን ብቻ ነው።

«ገራም ውሻ ቤት ይጠብቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለባለቤቱ የሚጠቅመው ማስጠንቀቂያ ጩኸቱ እንጂ ንክሻው አይደለም። ሰው የለመደ ውሻም በሌሊት ባዕድ ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል፤ ጌታው «በቃ» ሲለው ዝም ማለትንም ይማራል።

ንክሻን የምንፈራው ስለ ቁስሉ ብቻ አይደለም። በተለምዶ የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው ሬቢስ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገምታል፤ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሆኖም ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ገራም ጠባይ የክትባትን ቦታ አይተካም፤ ነገር ግን ሰው የለመደ ውሻ በቀላሉ ተይዞ ይከተባል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሙከራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ቡችላ፣ ጥቂት ቁራሽና ትዕግሥት ይበቁታል። ያሳደጋችሁት ውሻ፣ ጎንበስ ስትሉ በመሸሽ ፈንታ ጭራውን እየቆላ የቀረባችሁ ዕለት፣ የተለወጠው ውሻው ብቻ ሳይሆን መምህሩም እንደሆነ ዕወቁ።