የአባት ጠመንጃ በእርስዎ መኪና

ከአዲስ አበባ ተነስተው ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈው ጥሊሊ ሲደርሱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተዋል። ያመጣዎት ሠርግ ወይም ተዝካር ይሆናል፤ ምናልባትም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል። መመለሻው ላይ ግን አንዳንዴ ያልታሰበ ዕቃ ይጨመራል። አጎት በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ያቀብሉና «የአባትህ ነው፤ ካንተ ዘንድ ይቀመጥ» ይላሉ።

እምቢ ማለት ይከብዳል። በአዊም ሆነ በቀረው ጎጃም ምንሽር ወይም አልቤን ተራ ብረት አይደለም፤ የአያት ታሪክ አብሮት አለ። ሕጉ ግን ታሪኩን አይጠይቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማጓጓዝንም ይከለክላል። ፈቃዱም የሚሰጠው ለሰው ነው፤ በአባትዎ ስም የወጣ ወረቀት እርስዎን አይሸፍንም። ኬላ ላይ «ውርስ ነው» ማለት መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ጠመንጃውን ከመጫንዎ በፊት ባዶ እጅዎን ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ ስለሆነች ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሟች መሣሪያ በማን ስም እንደሚዛወር፣ ወደ ሌላ ከተማ ለመውሰድ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቀው በጽሑፍ ይቀበሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደታወጀው ያለ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባለበት ወቅት ደግሞ የጸና ፈቃድ ያለውም ሰው የሰሞኑን ትእዛዝ ሳይጠይቅ መንቀሳቀስ የለበትም። በእኔ አስተያየት በሠርግ ሰሞን መሣሪያ ይዞ ከመጓዝ ለሌላ ጊዜ ማቆየቱ ይሻላል፤ ጠላና አረቄ ባለበት ጠመንጃ ባይኖር ይመረጣል።

ፈቃዱ በእጅዎ ነው እንበል። የጎረሰ ጠመንጃ መኪና ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የክላሽን ካዝና ማውለቅ ጠመንጃውን ባዶ አያደርገውም፤ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው መጀመሪያ ካዝናውን ያውልቁ፤ ከዚያ መቀባበያውን ወደ ኋላ ስበው የጎረሰው ጥይት እንዲወጣ ያድርጉ። ውስጡንም በዓይንዎም በጣትዎም ይዩት። ቅደም ተከተሉን ካገላበጡት፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበሉ፣ አንዱን አስወጥተው ሌላውን ያጎርሱታል። ምንሽር ከሆነ ጥይቱ ያለው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ፍሬ እስኪወጣ ደጋግመው ያቀባብሉ። አሠራሩን የማያውቁ ከሆነ አይነካኩት፤ የሚያውቅ ሰው ይጥሩ።

ቀጥሎ ቦታው። ኮሮላ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ የኋላ ዕቃ መጫኛው ከተሳፋሪው የተለየና የሚቆለፍ ነው። የኛ የብዙዎቻችን ቪትዝ ግን ዕቃ መጫኛው ከልጆቹ ወንበር ጀርባ ክፍት ነው። የአራት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ይደርስበታል። ስለዚህ በቪትዝ የሚጓዝ ጠመንጃ ጠንካራ፣ የሚቆለፍ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ቁልፉም በሹፌሩ ኪስ ይሁን። ጥይቱ በሌላ መያዣ ለብቻው ይቆለፍ። ወንበር ሥር መወተፍ፣ ከስኮርታው ጎን መደበቅ የሚባለውን ይርሱት፤ ፈታሽ የተደበቀ መሣሪያ ሲያገኝ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት ይጠረጥራል።

ኬላ ላይ መኪናውን ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ። «ፈቃድ ያለው መሣሪያ ከኋላ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አለ፤ ወረቀቱ ይኸውልዎ» ይበሉ። ራስዎ ለማውጣት አይቸኩሉ። ልጆቹንም አስቀድመው «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» ይበሏቸው። ደንበኛ ፊት ቆሜ የተማርኩት አንድ ነገር፣ ሰው ሳይጠየቅ የነገረዎትን ያምናል፤ ተጠይቆ የተናዘዘውን ግን ይመረምራል።

መንገድ ላይ ካደሩ ጠመንጃውን መኪና ውስጥ ትተው ወደ ክፍልዎ አይግቡ። የመኪና መስታወት በአንድ ድንጋይ ይሰበራል፤ የጠፋው መሣሪያ ደግሞ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። መኝታ ከመያዝዎ በፊት በአቅራቢያው ያለ ፖሊስ ጣቢያ በአደራ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። በክረምት ከአዊ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጋቢውን ከላዩ ያንሱት፤ ርጥብ ጨርቅ ብረቱን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። ቤት ሲደርሱ ያድርቁት፣ ስስ ዘይት ይቀቡት፣ ከሳጥኑ ሳያወጡ ልጆቹ የማያውቁት ቦታ ይቆልፉት። ቁም ሳጥን አናት ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ልጆች ወንበር ጎትተው መውጣት የሚማሩት ገና በጨቅላነታቸው ነው።