የሞተር ዘይት በደጋ መንገድ

የሞተር ዘይት ዋና ሥራ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ማድረግ ነው። ሞተር ሲነሣ ፓምፑ ዘይቱን ከታችኛው ማጠራቀሚያ ይስብና በፊልትሮው አሳልፎ ክራንክሻፍቱን ወደሚሸከሙት ብሮንዚናዎች ይገፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ክራንክሻፍቱ ብሮንዚናውን ሳይነካ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። የሽፋኑ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን አያልፍም፤ የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ዘይቱ ሌላም ሥራ አለበት። ውሃ የማይደርስበትን የፒስተን ሥር ያቀዘቅዛል፤ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ከቃጠሎ የተረፈውን ጥላሸት ተሸክሞ ይዞራል፤ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድ ያመክናል።

ይህን ሁሉ ከድፍድፍ የተጣራ ዘይት ብቻውን አይወጣውም። ገበያ ላይ ያለ የሞተር ዘይት ከ75 እስከ 90 በመቶው መነሻ ዘይት ሲሆን፣ ቀሪው ልዩ ልዩ ኬሚካል ነው። ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም ያለባቸው አጣቢዎች አሲዱን ያመክናሉ፤ ሌሎቹ ጥላሸቱ ተጠራቅሞ እንዳይረጋ ይበትኑታል፤ የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ ደግሞ ጫና በዝቶ የዘይቱ ሽፋን ሲሳሳ በብረቱ ገጽ ላይ መከላከያ ያበጃል። ዘይት አረጀ የሚባለው በአብዛኛው እነዚህ ቅመሞች ተሟጠው ሲያልቁ ነው። መነሻ ዘይቱ ራሱ ማዕድናዊ ወይም ሲንቴቲክ ሊሆን ይችላል። ሲንቴቲኩ ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን ሙቀትን የበለጠ ይችላል፣ ቶሎም አይበላሽም።

በዘይት ዕቃው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 5ደብሊው-30 ወይም 20ደብሊው-50፣ የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሁለቱን ጠባዮች ለየብቻ ይለካሉ። ምደባውን ያወጣው ኤስኤኢ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን፣ ለሞተር ዘይት የመጀመሪያውን ደረጃ ያወጣው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሞተር ለማስነሣት ያለውን ብቃት ያሳያል። 5ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው፤ 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ 20ደብሊው ከዜሮ በታች 15 ላይ። ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ያለውን ውፍረት ይመለከታል፤ መለኪያ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚያ ሙቀት ባለ 30 ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ይለካል፣ ባለ 40ው እስከ 16.3፣ ባለ 50ው እስከ 21.9 ይደርሳል።

ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ አልፎ ወደ ጉደር የሚወርደው መንገድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በሆለታና በጊንጪ ዙሪያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ እስከ መጣል ይደርሳል። ይህ ብርድ ለእርሻ ከባድ ቢሆንም ለዘይት ምደባው ገና ለብ ያለ ነው፤ 20ደብሊውም ቢሆን በጊንጪ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣት አያግድም። ልዩነቱ የሚታየው ሞተሩ በተነሣባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ማታ ወደ ታች ወርዶ ያደረ ዘይት እስከ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ድረስ ብረቱ በተረፈው ስስ ሽፋን ብቻ ይሠራል። ወፍራሙ ዘይት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ቀጭኑ ቶሎ ይደርሳል። ይህ የመነሻ ጊዜ ሞተሩን በተለይ የሚበላ ስለሆነ፣ አምራቹ የፈቀደው ትንሹ የደብሊው ቁጥር ለደጋ ጠዋት የተሻለ ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ይለውጣል። በአምቦ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ሹፌሩ ለተመሳሳዩ ዳገት ዝቅ ያለ ማርሽ ይይዛል፣ ሞተሩ በብዛት ይዞራል፣ ዘይቱም የበለጠ ይሞቃል። ከአምቦ ወደ ወንጪ ሐይቅ አፋፍ የሚወጣው መንገድ ከ2,100 ሜትር ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ሰው ሞልቶ የሚወጣ ሚኒባስ ዘይቱን ከዚህ የበለጠ የሚፈትንበት መንገድ በአካባቢው እምብዛም የለውም። ቱርቦ ባለው የናፍጣ መኪና ደግሞ የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ዳገት ጨርሶ እንደቆመ ሞተሩን ማጥፋት በዘንጉ ዙሪያ የቀረውን ዘይት ያሳርረዋል። አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት ይህን ያስቀራል።

እዚህ ላይ በብዙ ጋራዥ የሚነገር አንድ አስተያየት መታረም አለበት። ወፍራም ዘይት ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ለመኪናው ይሻላል ይባላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተሠራ ኮሮላ ዲኤክስ 15ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 ባዕድ አይደለም፤ ሞተሩ ሲሠራ በብሮንዚናውና በዘንጉ መካከል የተተወው ክፍተት ያንን ታስቦ ነው። በቅርብ ዘመን የተሠራ ቪትዝ ግን ሌላ ሞተር ነው። ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ የቫልቮቹን የመክፈቻ ሰዓት የሚቆጣጠረውም ክፍል የሚንቀሳቀሰው በቀጭን ቦዮች በሚያልፍ ዘይት ግፊት ነው። በእሱ ላይ 20ደብሊው-50 መሙላት ዘይቱን በጊዜው እንዳይደርስ ማድረግና ነዳጅ ማባከን ነው። ዘይት መብላት የጀመረ አሮጌ ሞተር በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ተፈቅዶ ከሆነ ከ30 ወደ 40 ቢሸጋገር ምክንያታዊ ነው፤ ያለቀ ፋሻ ግን በውፍረት አይጠገንም።

ውፍረቱ ከተወሰነ በኋላ የጥራት ደረጃው ይታያል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም፣ ማለትም ኤፒአይ፣ ለቤንዚን ሞተር በኤስ፣ ለናፍጣ ሞተር በሲ የሚጀምር ምልክት ይሰጣል። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር ዘይቱ የአዲሱን ዘመን መስፈርት ያሟላል፦ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ለቤንዚን መኪና አዲሱ ደረጃ የቀድሞውን ይተካል፤ ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ዘይት ግን ለዛሬ መኪና ያረጀ ነው። ለአይሱዙና ለናፍጣ ሚኒባስ 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ የተለመደና ተስማሚ ምርጫ ነው። የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ጉዳይ ይለያል። ፍሪሲዮናቸው በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ የመኪና ዘይት ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ጃሶ ኤምኤ የሚል የጃፓን ምልክት ያለበት ሊገዛላቸው ይገባል።

ዘይቱ በስንት ጊዜ ይቀየር? ለማዕድናዊ ዘይት 5,000 ኪሎ ሜትር፣ ለጥሩ ሲንቴቲክ እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የተለመደ ገደብ ነው። አዲስ አበባና አምቦ በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በቀን አንዴ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ 5,000ውን ኪሎ ሜትር በ21 ቀን ይጨርሰዋል። በአምቦ ከተማ ውስጥ ከቤት ወደ ሥራ ቦታ ብቻ የሚመላለስ የግል መኪና ደግሞ በዓመትም ላይሞላው ይችላል፤ ይህ ማለት ግን ዘይቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም። አጭር ጉዞ ሞተሩን በደንብ አያሞቀውም፤ ከቃጠሎ የሚመጣው እርጥበትና ያልተቃጠለው ቤንዚን ተንኖ ከመውጣት ይልቅ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ለእንዲህ ያለው መኪና ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት፣ ከኪሎ ሜትሩ ይቀድማል። የጊንጪ ዙሪያ መረሬ አፈር በበጋ የሚያነሣው አቧራም በአየር ማጣሪያው ሾልኮ ከገባ ዘይቱን ብረት የሚፍቅ ያደርገዋል። በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚውል መኪና ዘይቱም አየር ማጣሪያውም ቀድሞ መታየት አለበት። የዘይት መጥቆር ግን ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት በጥቂት ጉዞ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን አንሥቶ መያዙ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል።

መቀየሩ ራሱ በጥንቃቄ ለሠራው ሰው ከባድ አይደለም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ጎማው ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይደገፋል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት የሰው ሕይወት ያጠፋ ስሕተት ነው፤ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም የጋራዥ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ሞተሩ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሠርቶ ለብ ይላል፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፣ በጣም የጋለው ግን እጅ ይልጣል። ኮፈኑ ተከፍቶ የላይኛው የዘይት መሙያ ክዳን ይላላል።

የማፍሰሻው ቡሎን ከሞተሩ ሥር፣ በማጠራቀሚያው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። በዙሪያው የደረቀ ጭቃ በጨርቅ ይጠረጋል፤ በብዙ ቶዮታዎች 14 ቁጥር መፍቻ ይገጥመዋል። ሰፊ ገበታ ከሥሩ ይቀመጥና ቡሎኑ በመፍቻ ከላላ በኋላ በእጅ ወደ ላይ እየተገፋ ይዞራል፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ እጅ ፈጥኖ ይሸሻል። ዘይቱ መጀመሪያ ወደ ጎን ይረጫል፣ ቆየት ብሎ ክር ሆኖ ይቀጥናል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል። አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። በዚህ ጊዜ የወረደውን ዘይት ማየት ጠቃሚ ነው። በፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ የብሮንዚና መበላትን፣ ወተት የመሰለ መልክ የውሃ መግባትን ይናገራል፤ ሁለቱም አዲስ ዘይት ሞልቶ ዝም የሚባልባቸው አይደሉም።

ፊልትሮው ከዘይቱ ጋር ይቀየራል፤ አሮጌውን ትቶ ዘይቱን ብቻ መቀየር ቆሻሻውን ለአዲሱ ዘይት ማስረከብ ነው። አሮጌው ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱ በዓይን ይረጋገጣል፤ ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ከተገጠመ ዘይቱ በግፊት ይፈሳል። የአዲሱ ቀለበት በንጹሕ ዘይት ይታበሳል፣ ፊልትሮው ሞተሩን እስኪነካ በእጅ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ይጨመርለታል። ቡሎኑ አዲስ ሮንዴላ ተደርጎለት ይታሰራል። ጥብቀቱ ለትናንሽ ቶዮታዎች ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ በረዥም ብረት ተጎትቶ የታሰረ ቡሎን የማጠራቀሚያውን ጥርስ ይበላል፣ ጥገናውም ከብዙ ዘይት ዋጋ ይበልጣል።

አዲሱ ዘይት ከመመሪያው መጠን ጥቂት ቀነስ ተደርጎ ይሞላል፤ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሊትር ይይዛሉ። ሞተሩ ሲነሣ ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንዶች መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ከሥሩ መንጠባጠብ አለመኖሩ ይታያል፣ ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ መለኪያ ዘንጉ ተጠርጎ ተመልሶ ይነበባል። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት በብዙ መኪና አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከላይኛው ማለፍ ከማነስ አይሻልም፤ የሚዞረው ክራንክሻፍት ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ሽፋን አይሠራም። ኪሎ ሜትሩና ቀኑ ኮፈኑ ሥር ይጻፋል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ አሁን በመንገድ ላይ ያሉት ለረዥም ጊዜ ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ሐሰተኛ ዘይት እንዳይሞላባቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባዶ የዘይት ዕቃ ሲጣል መብሳት ተገቢ ነው፤ ያገለገለ ወይም ርካሽ ዘይት ተሞልቶ በታወቀ ስም ተመልሶ እንዳይሸጥ ያደርጋል። ገዢውም ማኅተሙ ያልተነካ ዕቃ ከታመነ ማደያ ወይም መለዋወጫ ቤት መግዛት አለበት።

ከመኪናው የወረደው ዘይት መሬት ላይ መፍሰስ የለበትም። በውስጡ የብረት ብናኝና ካንሰር አምጪ ውሁዶች አሉበት፤ ለዚህም ነው ጓንት የሚያስፈልገው፣ አጥርና ግድግዳ ከምስጥ ለመጠበቅ መቀባቱም የማይደገፈው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አንድ ጊዜ የተቀየረ የሞተር ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በዚህ ምድር ደግሞ ውሃው ቅርብ ነው። ከጊንጪ በላይ ያለው የጭልሞ ደን ለአዋሽ የሚገብሩ ምንጮች የሚፈልቁበት ነው፤ በአምቦ መካከል የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ ወደ ጉደር ወንዝ፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይፈሳል። አሮጌው ዘይት ውሃም ቤንዚንም ሳይቀላቀልበት ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ፤ ፊልትሮውም ተገልብጦ እዚያው ላይ ይንጠፍ፤ ከዚያም አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ወይም ማደያ ይሰጥ።