የተሳቢ ካሜራ ከየትኛው የመብራት መስመር ጋር ይገናኝ?

በ2006 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ወደተቋቋሙት የኩሌና የቲርኪዲ የስደተኞች መጠለያዎች ዕርዳታ የሚያደርስ ባለተሳቢ ተሽከርካሪ ሲያፈገፍግ፣ አሽከርካሪው በተሳቢው ጀርባ የቆመን ሰው በመስታወት ማየት አይችልም።

ክፍተቱን የሚሸፍነው የኋላ ካሜራ ኃይሉን ከተሳቢው የመብራት መስመር ማግኘት ይችላል። ከኋላ ማርሽ መብራት ጋር ሲገናኝ ተሽከርካሪው ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ ይሠራል። ይህ መስመር በተሳቢው ላይ ካልተዘረጋ የፓርኪንግ መብራት መስመር ያገለግላል፤ ሆኖም መብራቱ በቀንም መብራት ይኖርበታል። የፍሬን መስመር አይመረጥም፤ አሽከርካሪው እግሩን ከፍሬን ባነሳ ቁጥር ምስሉ ይጠፋል።

አብዛኞቹ ከባድ ተሽከርካሪዎች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ካሜራ ያለ መቀነሻ ቢገጠም ሊቃጠል ይችላል። የግዥ ሰነዶች ቮልቱን በግልጽ ማስፈር የሚኖርባቸውም ለዚህ ነው። ፊውዝም ሊዘነጋ አይገባም። በጋምቤላ የዝናብ ወራት ደግሞ በወጉ ያልተሸፈነ የሽቦ መጋጠሚያ ፈጥኖ ይዝጋል።