ገና ያልወጣ ግራፊክስ ካርድና አሮጌ ማዘርቦርድ

ከአዳሚ ቱሉ የመጣ አንድ ተማሪዬ፣ ቤተሰቡ ከሽንኩርት ሽያጭ ያጠራቀመለትን ገንዘብ ይዞ፣ «ሊወጣ ነው የሚባለው ግራፊክስ ካርድ በአሮጌው ማዘርቦርዴ ላይ ይሠራልን?» ሲል ጠየቀኝ። መግባቱንስ ይገባል፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ትውልዶች እርስ በርስ እንዲግባቡ ሆነው የተነደፉ ናቸውና። አሳሳቢው የመስመሩ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ባለ 4 መስመር ብቻ ነበር፤ በአራተኛው ትውልድ ማስገቢያ በሴኮንድ 8 ጊጋባይት ያህል ሲያስተላልፍ፣ በሦስተኛው ላይ ወደ 4 ይወርዳል። የራሱ ማህደረ ትውስታም 4 ጊጋባይት በመሆኑ፣ ሲሞላ መረጃው በዚያች ጠባብ በር ይመላለሳል። ወሬ ደግሞ ፍጥነትን እንጂ መስመርን እምብዛም አያነሳም። ማስገቢያውም ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ቀሪው ከፓወር ሰፕላይ በኬብል ይመጣል። ስለዚህ ካርዱ ወጥቶ በሦስተኛው ትውልድ ላይ እስኪለካ ድረስ ገንዘቡን እንዲይዝ መከርሁት፤ እስከዚያው ግን የኮምፒውተሩን ሽፋን ከፍቶ የፓወር ሰፕላዩን ዋት እንዲያነብልኝ አዘዝሁት።